«የድሮ ኮን 88 ኤች» ተብሎ ለሚሸጥ ትሮምቦን ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት

ባለፈው ዓመት ከአሜሪካ በሰው እጅ ወደ አዲስ አበባ ያስመጣሁት፣ ሻጩም «እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በኤልክሃርት ከተማ የተሠራ ኮን 88 ኤች ነው» ብሎ 2,400 ዶላር ያስከፈለኝ ትሮምቦን፣ ቤሉ (ድምፁ የሚወጣበት ሰፊ ጫፍ) የአንድ መሣሪያ፣ ስላይዱ (እየተንሸራተተ ድምፁን የሚቀያይረው ቱቦ) ደግሞ የሌላ መሣሪያ ሆኖ ተገኝቷል። ገንዘቤን እንዲመልስልኝ ስጠይቀው «ያገለገለ ዕቃ አይመለስም» የሚል አንድ መስመር ጽፎ ዝም አለ። ይህን የምጽፈው፣ እንደ እኔ ለዓመታት አጠራቅመው አንድ ጥሩ መሣሪያ ለመግዛት የተነሡ ተጫዋቾች በዚያው መንገድ ገንዘባቸውን እንዳያጡ ነው።

ያሳመነኝ ፎቶ አልነበረም፤ ሻጩ የላከልኝ የድምፅ ቅጂ ነበር። በቅጂው ላይ አንድ ሰው ባክ 42፣ ኮን 88 ኤችና ያማሃ ዜኖ የተባሉትን ሦስት ትሮምቦኖች እያከታተለ አንድ ዓይነት ዜማ ይጫወትባቸዋል፤ የኮኑ ድምፅ ከሌሎቹ ይልቅ ሞቅና ለስለስ ብሎ ስለተሰማኝ ሌላ ነገር ሳልጠይቅ ከፈልሁ። አሁን ሳስበው ግን ቅጂው ስለ መሣሪያዎቹ ሊነግረኝ የሚችለው ጥቂት ነበር። ጎበዝ ተጫዋች የትኛውንም ትሮምቦን ቢያነሣ፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከንፈሩንና ትንፋሹን አስተካክሎ የራሱን ድምፅ ያወጣበታል፤ አዳራሹ የሚያስተጋባ፣ ማይክሮፎኑም ራቅ ያለ ከሆነ የቀረው ልዩነት ይበልጥ ይደበዝዛል። ከሁሉ በላይ በቅጂው ላይ የተሰማው መሣሪያና ወደ እኔ የሚላከው መሣሪያ አንድ ስለመሆናቸው ምንም ማረጋገጫ አልነበረኝም።

በመሣሪያዎቹ መካከል ልዩነት የለም ማለቴ አይደለም። የባክ 42ም ሆነ የኮን 88 ኤች የስላይድ ቱቦ የውስጥ ስፋት 13.9 ሚሊ ሜትር፣ የቤላቸው አፍ ስፋት ደግሞ 21.6 ሴንቲ ሜትር በመሆኑ በወረቀት ላይ መንትያ ይመስላሉ። ሲነፉ ግን ባክ ጥቅጥቅ ያለና መሐሉ የጠነከረ ድምፅ አለው፤ ኃይል ሲጨመርበት ድምፁ ቅርጹን ሳይለቅ ይሰፋል፤ በምትኩ ከተጫዋቹ ብዙ ትንፋሽ ይጠይቃል። የኮኑ ቤል ስስ ከሆነና መዳብ ከበዛበት ናስ የሚሠራ ስለሆነ በዝግታ ሲነፋ ቶሎ ይታዘዛል፣ ጮክ ተብሎ ሲነፋ ደግሞ ከባክ ቀድሞ ይፈካል። ያማሃ ከታች እስከ ላይ ወጥ ነው፤ ድምፁ ከቃናው ስለማይዛነፍ ብዙ ሰዓት ለሚጫወት ሰው ያሳርፋል። እነዚህን ልዩነቶች የሚያውቃቸው ከአድማጩ ይልቅ የሚነፋው ሰው ነው፤ በተለይም በጣም ዝግ ባለውና በጣም ጮክ ባለው ድምፅ ላይ ጎልተው ይወጣሉ፤ የእኔ ሻጭ ቅጂ ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በመካከለኛ ድምፅ የተጫወተ ነበር።

ከሳክስፎንና ከትራምፔት ጎን ቆማችሁ የእኛን አገር ሙዚቃ የምትጫወቱ ከሆነ፣ ለሲምፎኒ የተሠራ ሰፊ ትሮምቦን ጨርሶ ላያስፈልጋችሁ እንደሚችልም አስቡበት። እንደ ኪንግ 3 ቢ ያለው፣ ቱቦው 12.9 ሚሊ ሜትር፣ ቤሉም 20.3 ሴንቲ ሜትር የሆነው የጃዝ ትሮምቦን ለእንዲህ ያለው ሥራ ይቀላል፣ ይፈጥናል፣ ድምፁም ከጓደኞቹ መካከል ጥርት ብሎ ይሰማል። አንቺሆዬን በመሰለ ቅኝት ውስጥ ያሉትን፣ በፒያኖ ቁልፎች መካከል የሚወድቁትን ድምፆች በትክክል ለማግኘት የሚያስፈልገው ደግሞ ያለ እንከን የሚንሸራተት ስላይድ ነው፤ የቤሉ ዝና በዚህ አይረዳም።

ወደ ማጭበርበሩ ልመለስ። የኮን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1970 አካባቢ ከኤልክሃርት ወጥቶ ወደ ቴክሳሷ አቢሊን ስለተዛወረ፣ ከዚያ በፊት የተሠሩትን ብዙዎች አብልጠው ይፈልጓቸዋል፤ ሻጮችም ይህን ያውቃሉ። መሣሪያው እንደደረሰኝ የራሴን ማውዝፒስ (ከንፈር የሚያርፍበትን መንፊያ) ላስገባ ስል ማስገቢያው ጠቦት እግሩ ግማሽ ያህል ውጭ ቀረ። ስጠይቀው ሻጩ «የድሮ ኮኖች ማስገቢያቸው የተለየ ነው» አለኝ፤ ይህ በከፊል እውነት በመሆኑ ለሳምንታት አመንኩት። እውነቱ ግን፣ የድሮዎቹ 88 ኤቾች ማስገቢያ ሬሚንግተን በሚባለው አቀጣጠን የተሠራ ስለሆነ የዛሬ ማውዝፒስ በትክክል ላይገጥም ይችላል፤ ሆኖም ልዩነቱ ትንሽ ነው እንጂ የማውዝፒሱን ግማሽ ውጭ የሚያስቀር አይደለም። በመጨረሻ አንድ የትንፋሽ መሣሪያ ጠጋኝ ቱቦውን ሲለካው 13.3 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ ስላይዱ ከሌላ ጠበብ ያለ ትሮምቦን ተነቅሎ፣ መጋጠሚያው እንደገና ተበይዶ ነበር።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ ሳይቋረጥ በተቀረጸ አንድ ቪዲዮ የመሣሪያውን ቁጥር በቅርብ እንዲያሳይ፣ የቱቦውን ስፋት በመለኪያ እንዲለካ፣ ከዚያም ያንኑ መሣሪያ እንዲነፋ ጠይቁት፤ ሲነፋም መጀመሪያ እንደ ሹክሹክታ ዝግ ያለ ረጅም ድምፅ፣ ቀጥሎ ባለ በሌለ ኃይሉ ያሰማችሁ። መሣሪያው እጃችሁ የሚገባ ከሆነ ስላይዱን ወደ ታች አቁማችሁ ሁለቱን የላይ አፎች በጣት ድፈኑና የውጩን ቱቦ ልቀቁት፤ አየር የማያሾልክ ስላይድ ተንጠልጥሎ ይቆያል ወይም በዝግታ ይወርዳል፣ ያለቀበት ግን ወዲያው ይንሸራተታል። ለኤፍ ቫልቩም (ትንፋሹን ወደ ተጨማሪ ቱቦ አሳልፎ ድምፁን ዝቅ ለሚያደርገው) ማስፈንጠሪያውን ሳትነኩ የራሱን ማስተካከያ ቱቦ ሳቡት፤ ጥቂት ቆይታችሁ ማስፈንጠሪያውን ስትጫኑ «ፖፕ» ካላለ ቫልቩ ያሾልካል። በናሱ ላይ ሮዝ ነጠብጣብ ካያችሁ ዚንኩ እየተበላ ነውና ዋጋውን በዚያ ልክ አስቡት። ከሁሉም በፊት በራሳችሁ ማውዝፒስ ንፉት።

ሻጩ ዛሬም በሌላ ስም ያንኑ ቅጂ እየላከ ነው። ቅጂው በቀስታ ከታች ወደ ላይ በሚወጡ ተከታታይ ድምፆች ይጀምራል፤ ሁለተኛው ትሮምቦን ሊነፋ ሲል ከጀርባ የበር መዘጋት ድምፅ ይሰማል። ይህን ከሰማችሁ ክፍያውን አቁሙ።