ለጥንታዊ መኪና የተዘጋጀ ባለ ሦስት ነጥብ የትከሻ ቀበቶ

የወገብ ቀበቶ ብቻ በነበራት ጥንታዊ መኪናዬ ላይ ያስገጠምሁት ራሱን የሚጠቀልል የትከሻ ቀበቶ በአብዛኛው አርክቶኛል። ወገብንና ትከሻን በሦስት ቦታ ታስሮ የሚይዘው የባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ ንድፍ የመኪና አምራቹ የቮልቮ መሐንዲስ ኒልስ ቦህሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ያስተዋወቀው ሲሆን፣ የግጭቱን ኃይል በደረትና በዳሌ አጥንት ላይ ስለሚያከፋፍል ጭንቅላት ከመሪው ጋር የመጋጨቱን ዕድል በእጅጉ ይቀንሳል።

ጥብቅ ትኩረት የሚሻው ማሰሪያ ነጥቡ ነው። የላይኛው ማሰሪያ ከትከሻ በታች ከዋለ ቀበቶው በግጭት ጊዜ አከርካሪን ወደ ታች ይጫናል፤ ስለዚህ በትከሻ ከፍታ ወይም ከዚያ በላይ በበሩ ምሰሶ ላይ መታሰር አለበት፤ የድሮ መኪና ላሜራ ደግሞ ስስ ወይም በዝገት የተበላ ሊሆን ስለሚችል፣ ከኋላው የብረት ማጠናከሪያ ካልተደረገለት ቡሎኑ ቀዶት ሊወጣ ይችላል። ማጠናከሪያዎቹና ባለ 7/16 ኢንች ቡሎኖቹ አብረው መምጣታቸውን ከሁሉም በላይ ወድጄዋለሁ።

ቅሬታዬ በመመሪያው ላይ ነው። መጠቅለያው (ቀበቶውን የሚጠቀልለውና በግጭት ጊዜ የሚቆልፈው ክፍል) ከተወሰነለት ማዕዘን ውጭ ከተገጠመ ያለጊዜው ሊቆለፍ ወይም በአደጋ ጊዜ ሳይቆለፍ ሊቀር ይችላል፤ ይህን የመሰለ የሕይወት ጉዳይ በአንዲት መስመር ማለፍ አይገባም ነበር። የበር ምሰሶ ለሌላቸው መኪኖች ይህን ምርት አልመክርም።