ሚላን ላይ ግማሽ ቀን ብቻ ካላችሁ፦ «የመጨረሻው እራት» ወይስ የዱሞ ጣሪያ?

የሚላንን ሰው አለባበስ አይታችሁ ሳትጠግቡ ሰዓቱ ይነጉዳል። ስለዚህ ምረጡ።

«የመጨረሻው እራት»፣ ማለትም በአንድ ገዳም የመመገቢያ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ያለው የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ሥዕል፣ ቀድሞ ቲኬት መቁረጥ ይጠይቃል። በር ላይ ሄዶ መለመን አያዋጣም። ከገባችሁም 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ሊዮናርዶ በ1490ዎቹ በደረቅ ግድግዳ ላይ ስለሳለው ቀለሙ ቶሎ መላላጥ ጀመረ። በ1943 እ.ኤ.አ. ቦምብ አዳራሹን ሲያፈራርሰው ግን ሥዕሉ ያለበት ግድግዳ ቆሞ ተገኘ። የክርስቶስን እግር ፈልጉ፤ የለም! መነኮሳቱ በ17ኛው ክፍለ ዘመን እዚያው ላይ በር ከፍተውበታል። ጉድ እኮ ነው።

የዱሞ ካቴድራል ጣሪያ ይቀላል። በደረጃ ወይም በአሳንሰር ይወጣል። ወደ ሮዝ የሚያደላ እብነ በረድ፣ በየሹሉ ጫፍ ሐውልት፣ ከሁሉም በላይ በወርቅ የተለበጠች ማርያም። ሰማዩ ከጠራ የአልፕስ ተራሮችም ይታያሉ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ቲኬት ከተገኘ ሥዕሉ። ካልተገኘ አትበሳጩ፤ ጣሪያው ላይ ደቂቃ የሚቆጥርባችሁ የለም።