ሚኒሶታ ውስጥ ሣር ለምትዘሩ፦ ሁለት ከረጢት ዘር ሞክሬ ያየሁት

ሴንት ፖል ነው የምኖረው። ካቻምና ኖቬምበር ላይ የውሃ ቧንቧ ሲቀየር የቤቴ ደጅ ተገለባብጦ ባዶ አፈር ሆኖ ቀረ፣ በረዶው ሲቀልጥማ ጭቃው በልጆቹ ጫማ ሳሎን ድረስ ይገባል፣ ምንጣፌን አታንሱብኝ። ቦታው ወደ 1000 ስኩዌር ፊት ይሆናል። ሁለት ዓይነት ዘር ሞከርኩ፣ ለአንደኛው 2 ኮከብ ለሁለተኛው 5 ሊባል የሚችል 4 እሰጣለሁ፣ ግን የኔም ጥፋት አለበትና እሱንም እናገራለሁ።

የመጀመሪያውን የገዛሁት ከትልቅ ስቶር ነው፣ ስሙ ይቅር። ከረጢቱ ላይ ያለውን ፎቶ ስታዩት አስፋልት ላይም የሚበቅል ነው የሚመስለው። ዘሩ ውሃ ይይዛል ተብሎ የሆነ ቀለም ያለው ነገር ተለብጧል። ከጀርባው ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ ያነበብኳት ከዘራሁ በኋላ ነው፣ ለካ የክብደቱ ግማሽ ልባጩ ነው! 10 ፓውንድ ብዬ ተሸክሜ የመጣሁት 5ቱ ዘር አይደለም ማለት ነው። ከቀረውም ብዙው አንድ ዓመት ብቻ የሚኖረው ሪዬግራስ ነው፣ ክረምቱን አያልፍም። በነገራችን ላይ ያቺ ጽሑፍ ለጌጥ አይደለችም፣ ከ1939ኙ የፌደራል የዘር ሕግ ጀምሮ ከስቴት ወደ ስቴት የሚሸጥ ዘር ውስጡ ምን እንዳለ፣ ስንት ፐርሰንቱ እንደሚበቅል፣ የአረም ዘር ስንት እንዳለበት መጻፍ አለበት። እኛ ፎቶውን አይተን እንገዛለን እንጂ።

አሁን የኔ ጥፋት። የዘራሁት ሜይ ላይ ነው፣ ከዚያ በፊት ደግሞ በድራይቭዌይ በኩል ክራብግራስ የሚባለው አረም እንዳይበቅል የሚበተነውን መድኃኒት በትኜ ነበር። መድኃኒቱ ግን አረም ይሁን ሣር አይለይም፣ ሊበቅል ያለውን ዘር ሁሉ ያስቀራል (ለአዲስ ሣር የሚሆን አለ፣ ሜሶትሪዮን የሚባል፣ የኔ እሱ አልነበረም)። ስለዚህ በዚያ በኩል መላጣ፣ በሌላው በኩል ደግሞ ሣሩና ክራብግራሱ እኩል ወጡና ጁላይ ላይ ሙቀቱ ሣሩን አቃጥሎ ክራብግራሱን አነገሠው።

ቤተክርስቲያን የማገኛቸው እዚህ አገር ብዙ የቆዩ አባት ስነግራቸው ሳቁብኝ። "አንቺ ልጅ፣ እዚህ ሣር ከቡሄ እስከ እንቁጣጣሽ ነው የሚዘራው" አሉኝ። እውነትም ከኦገስት አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ማለት ነው፣ አፈሩ ገና ሞቃት ነው አየሩ ግን ቀዝቀዝ ብሏል፣ የአረሙም ጉልበት ደክሟል።

ሁለተኛውን ዘር እሳቸው ከነገሩኝ ከከተማ ወጣ ካለ የእንስሳት መኖና ዘር ከሚሸጥ ሱቅ ገዛሁ። ልባጭ የለውም፣ 50 ፐርሰንት ኬንታኪ ብሉግራስ፣ 30 ሬድ ፌስኪዩ፣ 20 ከዓመት ዓመት የሚቆየው ሪዬግራስ። ዋጋው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም፣ አንዷ ኮከብ የሄደችው ለዚህ ነው። ግን ለ1000 ስኩዌር ፊት 4 ፓውንድ በቃኝ! በቡሄ ማግስት አፈሩን በሬክ ጫር ጫር አድርጌ ግማሹን በቁመት ግማሹን በአግድም በተንኩ፣ እንደገና በሬክ ሩብ ኢንች እስኪሸፈን ዳበስ ዳበስ፣ ከዚያ ልጆቹን ተራመዱበት አልኳቸው (ደስ አላቸው)፣ ከላይ ሳሳ ያለ ጭድ። ውሃ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ፣ እንዲረጥብ እንጂ እንዲፈስ አይደለም፣ ዋናው ሥራ እሱ ነው። ማዳበሪያ ስትገዙ ደግሞ ሚኒሶታ ውስጥ ፎስፈረስ ያለበትን ለሣር መጨመር ከ2005 ጀምሮ በመላው ስቴት ክልክል ነው፣ አዲስ የተዘራ ሣር ግን ይፈቀድለታል።

በ7ኛው ቀን ሪዬግራሱ ብቅ አለ። ፌስኪዩው በሁለተኛው ሳምንት። ብሉግራሱ ግን እስከ ሦስተኛው ሳምንት ድረስ የለም፣ ተሸወድኩ ብዬ ሱቁ ልደውል ስል እንቁጣጣሽ አካባቢ ወጣ። ብዙ ሰው በ10ኛው ቀን ተስፋ ቆርጦ ውሃ የሚያቆመው እዚህ ጋ ነው። ብሉግራስ እንደኛ ሰርዶ ከመሬት በታች እየተሳበ ክፍተቱን ይሞላል፣ ሰርዶ ራሱ ግን የዚህን አገር ብርድ አይችልም፣ ዘሩን አስመጣለሁ ስትል የነበረች ጓደኛዬ ይሄን አንብቢ። ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ 4 ኢንች ሲደርስ 3 ላይ አጨድኩት።

ዘንድሮ በረዶው ሲለቅ አረንጓዴ ሆኖ ነው ያገኘሁት። ከሜፕሉ ዛፍ ሥር ብቻ ሳስቷል፣ ብሉግራስ ጥላ አይወድም፣ እዚያ ጋ የቡሄ ሰሞን ፌስኪዩ ብቻውን እዘራለሁ።