ቴሌግራም፣ ቲክቶክ፣ ፌስቡክ ወይስ ካርታ? ለሰሜን ሸዋ ትንሽ ሱቅ የትኛው ያዋጣል

ደብረ ብርሃን ውስጥ ትንሽ የልብስ ሱቅ አለችኝ። ጃኬት፣ ሹራብ፣ ኮፍያ፣ ካልሲ፣ ባጠቃላይ የብርድ ነገር ነው የምሸጠው። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,700 ሜትር በላይ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጩ ሲወርድ ብርዱ ራሱ ገዢ እየገፋ ያመጣልኛል። የሚያስቸግሩኝ የቀሩት ወራት ናቸው። በነሱ ወራት ደንበኛ ለመሳብ ያልሞከርኩት ነገር የለም ማለት ይቻላል። ቴሌግራም፣ ቲክቶክ፣ ፌስቡክ፣ የጉግል ካርታ፣ ሞንታርቦ፣ በራሪ ወረቀት፤ ሁሉንም አይቻቸዋለሁ።

አሁን አዲስ ሱቅ የሚከፍቱ ልጆች እየመጡ "በምኑ ላስተዋውቅ? ገንዘቤን የት ላድርግ?" ይሉኛል። እኔም መልሼ እጠይቃቸዋለሁ። ገዢህ ማን ነው? ለመግዛት የሚወስነውስ የት ሆኖ ነው? ይህን ሳይመልሱ መምረጥ አይቻልም።

በኛ በኩል ሦስት ዓይነት ገዢ አለ። አንደኛው የከተማው ሰው ነው። ነዋሪው፣ ሠራተኛው፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ። ሁለተኛው መንገደኛ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው ዋና መንገድ ደብረ ብርሃንን፣ ደብረ ሲናንና ሸዋ ሮቢትን አቋርጦ ስለሚያልፍ በየቀኑ ስንቱ መኪና ደጃችን ላይ ያልፋል። ሦስተኛው ሩቅ ያለ ወገን ነው። አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ሆኖ የመንዝ በርኖስ፣ የምንጃር ጤፍ፣ የደብረ ሲና ቆሎ የሚናፍቅ። ለእናቱ ጃኬት ገዝታችሁ አድርሱልኝ የሚለውም እዚሁ ውስጥ ነው። ለሦስቱ ሦስት የተለያየ መንገድ ነው ያለው።

ቴሌግራም፦ የያዙትን ደንበኛ ላለማጣት

ቴሌግራም የጀመርኩት በአንዲት ተማሪ ምክንያት ነው። አዲስ ተማሪ ሲገባ ከቆላ አገር የሚመጡት በስስ ሸሚዝ ነው የሚወርዱት። ማታ ብርዱን ሲያዩ በማግስቱ ሱቅ ለሱቅ ይዞራሉ። እሷም ሹራብ ገዝታ ልትወጣ ስትል "እትዬ፣ ቻናል አለዎት? ለዶርም ልጆች ልላክላቸው" አለችኝ። የለኝም አልኳት። ቆማ እዚያው ስልኬ ላይ ከፈተችልኝ። እስከ ዛሬ የምጠቀመው እሱኑ ነው።

የቴሌግራም ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፦ የለጠፍከው ነገር ቻናሉን ለተቀላቀለ ሁሉ ይደርሳል። እንደ ፌስቡክ ለጥቂቱ አሳይቶ ለብዙው አይደብቅም። ከእያንዳንዱ ልጥፍ ሥር ስንት ሰው እንዳየው ቁጥሩ ይታያል። ኔትወርክ ሲደክምም ከሌሎቹ በተሻለ ይሠራል። ገዢውም ወደ ኋላ ሄዶ ያለፈ ወር ያየውን ጃኬት ፈልጎ "ይሄ አለ?" ይላል።

ጉድለቱ ደግሞ አዲስ ሰው አያመጣም። ቻናልህን የማያውቅ ሰው በአጋጣሚ አይደርስብህም። ስለዚህ ሰውን እያንዳንዱን ከሱቅህ በር ላይ መያዝ አለብህ። እኔ የቻናሉን ስም በትልቁ አሳትሜ ሒሳብ መቀበያው አጠገብ ለጥፌዋለሁ። የምሰጠው ፌስታል ላይም አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሜምበር አትግዙ። በሺህ የሚቆጠር ሜምበር በጥቂት ብር እንሸጣለን የሚሉ ሞልተዋል። የሚጨመሩት ሰዎች ወይ ባዶ አካውንት ናቸው ወይ ሳይፈልጉ የገቡ። ቻናሉ ብዙ ሺህ ተከታይ እያለው ልጥፉን ያየው ጥቂት ከሆነ ገዢው ራሱ ይነቃል፤ ከልጥፉ ሥር የዓይን ምልክቷ አጠገብ ያለው ቁጥር ያጋልጣል። ትንሽ ሆኖ የእውነት የሆነ ቻናል በጣም ይሻላል።

ዋጋም ጻፉ። "ዋጋ በውስጥ መስመር" የሚባለው ነገር ያናድደኛል፤ ገዢ ሆኜ ሳየው አልፌው ነው የምሄደው። ዋጋ መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ የሚደውልልኝ ሰው ቀነሰ። የሚደውለው ግን ገንዘቡን ይዞ፣ የልብሱን ቁጥር መርጦ ነው።

ቲክቶክ፦ የማያውቅህን ሰው ለማግኘት

ቲክቶክ የቴሌግራም ተቃራኒ ነው። አንድም ተከታይ ሳይኖርህ ቪዲዮህን ለማያውቅህ ሰው ያሳያል። ሰዎች እስከ መጨረሻው ካዩት ለሌሎችም ይሰጠዋል። በነፃ ይህን ያህል እንግዳ ፊት የሚያቆምህ ሌላ የለም።

ግን እንግዳው የት ነው ያለው? የኔ አንድ የጃኬት ቪዲዮ በደንብ ታየልኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ከሥሩ "አድራሻ?" ብለው የጠየቁት ግን ሐዋሳና ጅማ ያሉ ሰዎች ናቸው። የኔ ጃኬት ደግሞ እነሱም ከተማ የሚሸጥ ጃኬት ነው። ለአንድ ጃኬት ብሎ ከደብረ ብርሃን የሚያስመጣ ማን አለ?

ዕቃው የትም የማይገኝ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። መሐል ሜዳ በኩል የመንዝን በግ ጸጉር ፈትለው በርኖስና ባና የሚሠሩ ሰዎች አውቃለሁ። የነሱ ሥራ ለቲክቶክ የተፈጠረ ነው። ጸጉሩ ሲሸለት፣ ሲነደፍ፣ ሲፈተል፣ ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ሲሠራ፤ ይህን ሰው ቁጭ ብሎ ያያል። የሚያየው ደግሞ አዲስ አበባና ውጭ ያለው ያገራችን ሰው ነው። አያቱ ትከሻ ላይ የሚያውቀውን በርኖስ ሲያይ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ስለ አያቱ ነው የሚጽፈው። ይህ ገዢ ከመሐል ሜዳ ድረስ ያስመጣል። የደብረ ሲና ቆሎም፣ የምንጃር ጤፍም እንደዚሁ ናቸው፤ ስማቸው ቀድሟቸው ሄዷል። የሚቀረው የሚሸጠው ሰው ፊትና ስልክ ቁጥር ነው።

ስለዚህ ዕቃህ የአካባቢው መለያ ከሆነ ቲክቶክን አስቀድም። እንደኔ የትም ያለ ዕቃ ከሆነ ቲክቶክን ሰው ወደ ቴሌግራም ለመጋበዝ ብቻ ተጠቀምበት፤ በየቪዲዮው "ደብረ ብርሃን" የሚለውን ስም በጽሑፍም በአፍም አስገባ። ድካሙንም አትናቁት። አንዴ ለጥፎ መተው አይሆንም፤ ጊዜ ይበላል፣ ዳታም ይበላል።

ፌስቡክ፦ ካላወቁበት ገንዘብ ይበላል

የተቃጠልኩት እዚህ ነው። ገጼን ቡስት እናድርግልሽ፣ ማለትም ለፌስቡክ ከፍለን ለብዙ ሰው እናሳይልሽ የሚል ሰው አገኘሁ። በፌስቡክ ማስታወቂያ ለመክፈል የውጭ ምንዛሪ የሚሠራበት ካርድ ስለሚያስፈልግ ብዙዎቻችን በሰው በኩል ነው የምናሠራው። ከፈልኩ። ላይኩ እየጨመረ መጣ፣ እኔም በየሰዓቱ እያየሁ ደስ ይለኝ ነበር። ሱቅ የመጣ ሰው ግን አንድም አላየሁም። በኋላ አንድ የሚያውቅ ልጅ ሲያየው ማስታወቂያው በመላው ኢትዮጵያ እንዲታይ ነው የተደረገው። ዓላማውም "ላይክ" ተብሎ ነው የተሞላው። ያ ገንዘብ የአንድ ወር የሱቅ ኪራይ የሚጠጋ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ቡስት የምታሠሩ ከሆነ ሁለት ነገር በቃል ሳይሆን ስክሪኑ ላይ አሳዩኝ በሉ። አንደኛ፣ ቦታው። ደብረ ብርሃንና ዙሪያዋ ብቻ ብሎ መገደብ ይቻላል። ሁለተኛ፣ ዓላማው። ሰው መልእክት እንዲልክ ወይም እንዲደውል ተብሎ ይሞላ። ሲያልቅም ውጤቱ ያለበትን ገጽ ያሳዩአችሁ። ይህን እንቢ ካሉ ትታችሁ ሂዱ።

ያለ ክፍያ ፌስቡክ የሚጠቅመው በየከተማው ስም በተከፈቱት ግሩፖች ነው። እዚያ ዕድሜው ገፋ ያለው ሰውና ውጭ አገር ያለው አለ። የቤት ዕቃ፣ የሚከራይ ቤት፣ መሬትና መኪና የሚሸጥ ከሆነ ከቴሌግራምም ይበልጣል። ለተማሪ ልብስ ግን አይደለም።

የጉግል ካርታ፦ ማንም የማያስበው

የማዝነው በዚህ ነው፤ ነፃ ሆኖ፣ አንዴ ተሠርቶ ለዓመታት የሚያገለግል ሆኖ፣ የሚሠራው ሰው ጥቂት ነው።

እስቲ አስቡት። አንድ ቤተሰብ ከአዲስ አበባ በጠዋት ተነሥቶ ወደ ደሴ ይሄዳል። 130 ኪሎ ሜትር ነድቶ ደብረ ብርሃን ሲደርስ ልጆቹ ራባቸው። ሾፌሩ ስልኩን አውጥቶ "ምግብ ቤት" ብሎ ይፈልጋል። ያኔ ቲክቶክህን አያይም፤ ቻናልህንም አያውቅም። ካርታው ላይ ፎቶ፣ ስልክና "አሁን ክፍት ነው" የሚል ያለበት ቤት ጋ ነው መሪውን የሚያዞረው። ለምግብ ቤት፣ ለሆቴል፣ ለጎሚስታ፣ ለፋርማሲ፣ ለጋራዥ ከካርታ የሚበልጥ ነገር አላውቅም። ጎማው የፈነዳበት ሰው ማስታወቂያ አይመለከትም፣ ቅርብ ያለውን ነው የሚፈልገው።

አሠራሩ ቀላል ነው። የሱቁን ስም፣ ሥራውን፣ ስልኩን፣ የሚከፈትበትን ሰዓት ትሞላለህ። ከዚያ ጉግል ያንተ መሆኑን እንድታረጋግጥ ይጠይቅሃል። ብዙ ጊዜ ቪዲዮ ነው የሚፈልገው፤ መንገዱን፣ ታፔላውን፣ ውስጡን፣ በሩን በቁልፍ ስትከፍት። የኔ በመጀመሪያው አላለፈም፣ ታፔላዬ በደንብ ስላልታየ ነው። ደግሜ ቀርጬ ልኬ አለፈ። ካርታው ላይ ሱቅህን የምታሳየውን ምልክት ግን ራስህ ልክ በሩ ላይ አስቀምጣት። እኛ አገር ሰው የሚያውቀው "ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ" ነው እንጂ የቤት ቁጥር አይደለም፤ ምልክቷ መንገድ ተሻግራ ከተቀመጠች እንግዳው ጎረቤትህ ሱቅ ነው የሚገባው።

ደንበኛህን ካርታው ላይ አስተያየት እንዲጽፍልህ በትህትና ጠይቀው። ክፉ ቢጻፍብህም አትሳደብ፤ መልስህን ሌላ መንገደኛ ያነበዋል።

ድረ ገጽስ? ለሱቅ አያስፈልግም፣ በየዓመቱ ክፍያ አለው። አንኮበር ላይ ወይም ጓሳ አካባቢ እንግዳ የሚያሳድር ግን ያሠራ። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት የሚመጣው የውጭ ሰው ከወራት በፊት በኢንተርኔት ፈልጎ ነው የሚነሣው። ሞንታርቦ ለመክፈቻ ቀን ጥሩ ነው፣ ከዚያ በላይ ሰፈሩን ማስመረር ነው። በራሪ ወረቀትም በኔ ልምድ መንገድ ላይ ነው የሚወድቀው።

ሁሉም የጠፋ ዕለት

በ2015 የሆነውን በዚህ አካባቢ የሚነግድ ሰው አይረሳውም። መጀመሪያ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ለወራት ያለ ቪፒኤን አልከፈት አሉ። ከዚያ ክረምት ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ጭራሽ ተቋረጠ። ከላይ ያወዳደርኳቸው ሁሉ በአንድ ቀን ዜሮ ሆኑ። እኔን ያተረፈኝ አንድ አሮጌ ደብተር ነው። ሕፃን ልጅ ላላቸው እናቶች ልኩ ሲመጣ ልደውል ብዬ ስልካቸውን እጽፍ ነበር። እየደወልኩ፣ አጭር የጽሑፍ መልእክት እየላክሁ ነው ያን ጊዜ የገፋሁት። የፈለጋችሁትን ምረጡ፤ የደንበኛን ስልክ ግን በወረቀት ጻፉ። ታፔላችሁም ላይ ቁጥሩ መንገድ ማዶ ሆኖ የሚነበብ ይሁን።

እንግዲህ ምረጡ

ገዢህ የከተማው ሰውና ተማሪ ከሆነ ቴሌግራም አንደኛ፣ ካርታ ሁለተኛ። ገዢህ መንገደኛ ከሆነ ካርታ አንደኛ፣ ታፔላ ሁለተኛ፤ ሌላው ቢቀርም አይጎዳህም። ዕቃህ የመንዝ፣ የምንጃር፣ የደብረ ሲና ስም ያለው ሆኖ ገዢው ሩቅ ከሆነ ቲክቶክ አስቀድም፤ ግን መጀመሪያ ዕቃውን በምን እንደምትልክ ከሚኒባስ ሾፌሮች ጋር ተነጋገር። ክፍያ በቴሌብር ወይም በባንክ ሲላክልህም የስክሪን ፎቶ አይተህ ዕቃ አትልቀቅ። የራስህ ሒሳብ ውስጥ መግባቱን እይ። የውሸት ደረሰኝ ፎቶ ስንቱን አክስሯል።

የሚከፈልበት ማስታወቂያ የመጨረሻው ይሁን። እነዚያ ሁሉ ነፃዎች ተሠርተው፣ ፎቶዎቹ አምረው፣ ስልኩን የሚያነሣ ሰው ተገኝቶ።

እኔ አሁን ለሚገባ ደንበኛ ሁሉ "እንዴት አገኘኸኝ?" እላለሁ። ደብተሬ ላይ አራት መስመር አለ፦ ቴሌግራም፣ ካርታ፣ ቲክቶክ፣ ሰው ነግሮት። በየመስመሩ ጭረት እጨምራለሁ። እስካሁን "ሰው ነግሮት" የሚለው ይመራል፤ ቴሌግራም ይከተለዋል። ካርታ ግን ከየት መጣ ሳልለው እየተጠጋ ነው። በዚህ ሳምንት ፎቶዎቹን ልቀይራቸው ነው፣ አሁንም ያለው ያለፈው ዓመት ዕቃ ነው።