የቦስተኑ ኤመራልድ ኔክለስ፦ የት ይዘልቃል፣ የት ይቋረጣል?

ኤመራልድ ኔክለስ በአሜሪካ ከመሀል ቦስተን ከተማ ተነስቶ እስከ ፍራንክሊን ፓርክ 7 ማይል (11 ኪሎ ሜትር ገደማ) የሚዘልቅ የፓርኮች ሰንሰለት ነው፤ ስፋቱ 1,100 ኤከር ይጠጋል። መግቢያ አይከፈልበትም። ከ5 ኮከብ 4 እንሰጠዋለን። አንዱን ያስቀነሰው መቆራረጡ ነው፤ ዛሬ እግረኛ የሚቸገርባቸው ቦታዎች ደግሞ በአብዛኛው በኋላ ለመኪና ሲባል የተበላሹት ናቸው።

ንድፉን ያወጣው የመናፈሻ ንድፍ ባለሙያው ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድ በ1878 (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሥራውን ሲጀምር ያስቸገረው ጎርፍና ፍሳሽ ነበር። ዛሬ የሰንሰለቱ አንድ ክፍል የሆነው ባክ ቤይ ፌንስ ያኔ የሚከረፋ ረግረግ ነው፤ ባሕሩ ሲሞላ የስቶኒ ብሩክና የመዲ ሪቨር ወንዞች ውኃ መውጫ አጥቶ ወደ ኋላ ይተኛል። ኦልምስቴድ ከከተማዋ መሐንዲሶች ጋር ሆኖ የባሕሩን መግቢያ በበር ተቆጣጠረ፤ ለጎርፉ ማረፊያ ሰፊ ኩሬ አበጀ፤ ዳርቻውን ጨው በሚችል ተክል ሸፈነ። ከዚያ በመዲ ሪቨር ሽቅብ እየተከተለ ፓርኮቹን አገናኘ። ዛሬ አረንጓዴ ኮሪደር የሚያቅዱ ባለሙያዎች ደጋግመው ወደዚህ ሥራ የሚመለሱት አንድ መሬት የጎርፍ መከላከያም መንሸራሸሪያም ሆኖ ስላገለገለ ነው። ከኦልምስቴድ ዘንድ ሙያውን የተማረው ቻርልስ ኤሊየት ሐሳቡን ከከተማዋ ወሰን አስወጥቶ በ1893 ለአካባቢው ከተሞች ሁሉ የሚሆን የፓርክ ኮሚሽን እንዲቋቋም አድርጓል።

ጉዳቱ የመጣው ቆይቶ ነው። በ1910 የባሕሩ ውኃ ይገባበት የነበረው ቻርልስ ወንዝ ሲገደብ የፌንስ ውኃ ጨውነቱን አጣ፤ የተተከለው ደረቀ፤ ውኃውን ለብዙ ዓመታት ከዓይን የጋረደው ረጅም ሸምበቆም ገባ። በ1950ዎቹ የመዲ ሪቨር አንዱ ክፍል ለመኪና ማቆሚያ ሲባል በቧንቧ ተቀበረ። ቧንቧው የዝናቡን ውኃ ማሳለፍ ስላልቻለ በ1996 ጎርፉ ኬንሞር የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ድረስ ገባ። ከ2013 እስከ 2016 በተሠራው ሥራ ወንዙ እንደገና ወደ ላይ ወጥቷል። እስካሁን በመስመሩ ላይ ከተደረጉት ጥገናዎች ለእኛ ትልቁ ይሄ ነው።

ጊዜዎ ግማሽ ቀን ከሆነ ከመሀል ከተማ አይጀምሩ። በዚያ በኩል በ1960ዎቹ የተሠራው የቦውከር ተሻጋሪ ድልድይ ፌንስን ከኮመንዌልዝ አቬኑ ቆርጦታል፤ መኪና በመኪና ነው። ይልቅ ግሪን ላይን ዲ ባቡር ይዘው ሎንግዉድ ይውረዱ። ኢ ባቡር ከያዙ ሎንግዉድ ሜዲካል ኤሪያ የሚባል ሌላ ጣቢያ ያደርስዎታል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከጣቢያው ወጥተው ወንዙን ሽቅብ ይከተሉ። ሪቨርዌይ የሰንሰለቱ ምርጥ ቁራጭ ነው፤ የድንጋይ ድልድዮቹና ጥላው እንደታሰቡት አሉ። የአፈር መንገድ ስላለው በዝናብ ማግስት ይጨቀያል። ሩት 9 የተባለው አውራ ጎዳና ላይ ፓርኩ ለሁለት ይከፈላል፤ መኪናው ፈጣን ስለሆነ የእግረኛ መብራቱን ሳይጠብቁ አይሻገሩ። ማዶ ባለው ኦልምስቴድ ፓርክ ብስክሌት የያዘ ሰው በጎረቤቷ ከተማ በብሩክላይን በኩል ያለውን መንገድ ቢይዝ ይሻለዋል።

ቀጥሎ ጃማይካ ፖንድ ነው። ዙሪያው 1.5 ማይል፣ መንገዱ ለጥ ያለ፤ ለሕፃን ጋሪም ለአረጋዊም ይመቻል። ጥልቀቱ ከ50 ጫማ ስለሚያልፍ መዋኘት ክልክል ነው። ቀጥሎ ባለው የዛፎች መናፈሻ፣ አርኖልድ አርቦሬተም ውስጥ ዛፎቹ ስማቸው ተጽፎባቸዋል፤ ፒተርስ ሂል ላይ ቢወጡ የከተማዋን ሕንፃዎች ያያሉ። ምግብ ዘርግቶ መብላት ግን የሚፈቀደው በግንቦት ወር በሚውለው የላይላክ አበባ እሑድ ብቻ ነው፤ ምሳዎን ኩሬው ጋ ይጨርሱ።

ፎረስት ሂልስ አካባቢ ሰማዩን ሸፍኖ የነበረው የኬሲ ተሻጋሪ ድልድይ በ2015 ፈርሷል፤ ወደ ፍራንክሊን ፓርክ መሻገር ከድሮው በእጅጉ ቀሏል። ከዚያ ወደ ባሕሩ ሊወርድ ታስቦ የነበረው የኮሎምቢያ ሮድ ክፍል ግን እንደታቀደው አልተሠራም፤ ሰንሰለቱ ፍራንክሊን ፓርክ ላይ ያበቃል።

ለመመለስ ከፎረስት ሂልስ ኦሬንጅ ላይን ባቡር አለ። ብስክሌት ካለዎት ግን በሳውዝዌስት ኮሪደር ፓርክ በኩል እስከ ባክ ቤይ ይውረዱ። ያ መሬት ለአውራ ጎዳና ቤቶች ፈርሰውበት የነበረ ነው፤ ነዋሪው ተቃውሞ ዕቅዱን በ1972 አሰረዘው፤ በ1987 ባቡር ተከፈተበት፤ ፓርክም ሆነ። የብስክሌትና የእግረኛ መስመሩ በብዙ ቦታ የተለያየ ነው፤ ከመንገዶች ጋር በሚገናኝባቸው ቦታዎች ሁሉ ግን ፍጥነት ይቀንሱ፤ የሚታጠፍ መኪና ይመጣል።