ዴንማርክን ማንም አይፈልጋትም

ለልጅ ልደት ምን ይዤ ልሂድ ብሎ ለሚጨነቅ ወላጅ አንድ ጥቆማ አለኝ። ዋጋው 10 ዩሮ አይሞላም። ኪስ ውስጥ ይገባል። ባትሪ አይበላም፣ አይጮህም፣ ኢንተርኔትም አይጠይቅም። ጀርመኖች ኳርቴት የሚሉት የካርታ ጨዋታ ነው። የመኪናም፣ የእንስሳም፣ የአውሮፕላንም አለ፤ እኛ የገዛነው የአውሮፓ አገሮችን የያዘው ነው። እዚህ ፍራንክፈርት መጫወቻ የሚሸጥበት ሱቅ ሁሉ አይጠፋም። አሳታሚው ብዙ ስለሆነ፣ እኔም የማማርርበት ነገር ስላለኝ፣ ስም አልጠራም።

አጨዋወቱ ቀላል ነው። ካርታው ይበወዛል፣ እኩል ይታደላል። ሁሉም ሰው ከእጁ ላይ የላይኛዋን ብቻ ያያል። ተራው የደረሰ አንድ መስመር ይመርጣል፦ የቆዳ ስፋት፣ የሕዝብ ብዛት፣ ከፍተኛ ተራራ ወይም የአውሮፓ ኅብረት የተገባበት ዓመት። ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል። ትልቅ ቁጥር የያዘ የሁሉንም ይበላል። በኅብረቱ ዓመት ብቻ ቀድሞ የገባ ነው የሚበላው። ካርታ ያለቀበት ይወጣል። ኮንከር ለለመደ ሰው የሕፃን ጨዋታ ነው። ቢሆንም እኛ ቤት ስንት እራት ቀዝቅዞበታል።

ካርታዎቹ 48 ናቸው። እያንዳንዷ ላይ ባንዲራ፣ ዋና ከተማ፣ መገበያያ ገንዘብ፣ የመንግሥት ዓይነትና አራቱ የመፋለሚያ ቁጥሮች አሉ። ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ እኔም እዚህ የምጽፈው እንደዚያው ነው።

ሩሲያ የደረሰችው ሰው ፊቱ ያሳብቅበታል። 17.1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ከ140 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ፣ 5,642 ሜትር የሆነው የኤልብሩስ ተራራ። በሦስቱም የሚደርስባት የለም። ዴንማርክን ደግሞ ማንም አይፈልጋትም። ከፍተኛ ቦታዋ ሞለሆይ የሚባል ጉብታ ነው፤ 171 ሜትር እንኳ አይሞላም።

ትንሿ ልጄ ግን ዘዴ አገኘች። ዴንማርክ ስትደርሳት ስለ ተራራም ስለ ስፋትም ትንፍሽ አትልም። «ኅብረት የተገባበት፣ 1973!» ትላለች። ዴንማርክ በዚያ ዓመት ከአየርላንድና ከብሪታኒያ ጋር ነው የገባችው። ከስድስቱ መሥራቾች በቀር የሚቀድማት የለም። ግሪክ በ1981፣ ስፔንና ፖርቱጋል በ1986፣ ኦስትሪያ፣ ስዊድንና ፊንላንድ በ1995 ነው የመጡት። በ2004 ደግሞ አሥር አገሮች በአንድ ቀን ገቡ። ይህን ሁሉ ቁጭ አድርጌ ላስተምራት ብሞክር በሁለተኛው ደቂቃ ታዛጋ ነበር። አሁን ካርታዋ እንዳይበላባት ስትል በቃሏ ይዛዋለች።

በዚሁ መስመር ላይ ሉክሰምበርግም ጉልበተኛ ናት። ስፋቷ 2,586 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ግን መሥራች ስለሆነች 1958 ይላል። የሮም ውል የተፈረመው በ1957 ነው፣ ሥራ ላይ የዋለው ግን በሚቀጥለው ዓመት ስለሆነ ካርታው ልክ ነው። ብሪታኒያ በ2020 ስለወጣች ቁጥር የላትም፣ ሰረዝ ብቻ ነው ያለው። ኖርዌይም ሰረዝ ናት። ልጄ «እነሱን እምቢ አሏቸው እንዴ?» ብላ አዘነችላቸው። እምቢ ያሉት ራሳቸው ናቸው፤ የኖርዌይ ሕዝብ በ1972ም በ1994ም ድምፅ ሰጥቶ አንገባም ብሏል።

ቫቲካን የደረሰው ሰው አለቀለት። 0.44 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ሺህ የማይሞላ ሰው፣ ሰረዝ። እዚህ ላይ አሳታሚዎቹ አንድ ነገር ቢያስቡ ደስ ይለኝ ነበር። የሕዝብ ጥግግት የሚል መስመር ቢጨምሩ ትንንሾቹም እስትንፋስ ያገኙ ነበር። ሞናኮ ሁለት ካሬ ኪሎ ሜትር በምታህል መሬት ላይ 38 ሺህ ያህል ሰው ታኖራለች። በዚያ መስመር ሩሲያን እንደ ምንም ትበላት ነበር።

የተራራው መስመር እኛ ቤት ሌላ ጨዋታ አምጥቷል። እንጦጦ 3,200 ሜትር አካባቢ ነው ስላቸው ልጆቹ አላመኑኝም። ጀርመን ውስጥ ከሁሉ የሚረዝመው ፁግሽፒትሰ 2,962 ሜትር ነው። ወደዚያ ለመውጣት ሰው የገመድ መኪና ይሳፈራል፤ እንጦጦ ግን በታክሲ ነው የሚወጣው አልኳቸው። ትንሽ ተኩራራሁ፣ አልደብቅም።

ወደ ማማረሩ ልምጣ። የተራራው መስመር ወጥ አይደለም። ስፔን 3,715 ሜትር ተብላ ተጽፋለች። ይህ ቴይዴ ነው፤ ያለው ካናሪ ደሴቶች ላይ፣ አፍሪካ ጠረፍ አጠገብ ነው። ዴንማርክ ግን ግሪንላንድ ያለው 3,694 ሜትር ተራራ አልተቆጠረላትም። ግሪንላንድ ራሷን ታስተዳድራለች፣ ካናሪ ግን የስፔን ክፍል ነው የሚል አይጠፋም። እሺ፣ ይሁን። ታዲያ ኔዘርላንድስ? ካሪቢያን ውስጥ ያለችው የሳባ ደሴት ከ2010 ጀምሮ የኔዘርላንድ ልዩ ማዘጋጃ ቤት ናት፤ 887 ሜትር ተራራም አላት። ካርታው ግን 322 ሜትር ብሎ አልፏታል። አንዱን ልጅ፣ ሌላውን የእንጀራ ልጅ ማድረግ ነው።

ፈረንሳይም ላይ እንደዚሁ ነው። ስፋቷ 544 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ተብሎ ስለተጻፈ ዩክሬን በ603 ሺህ ትበላታለች። ደቡብ አሜሪካ ያለችው የፈረንሳይ ጉያና ብትደመር ውጤቱ ይገለበጥ ነበር፤ እሷ ብቻዋን 84 ሺህ ያህል ናት። ትልቁ ልጄ ፈረንሳይን ይዞ በተበላ ቁጥር ይህን እያነሳ ያደርቀናል። ከፈረንሳይ የየብስ ድንበሮች ረጅሙ ከብራዚል ጋር ያለው መሆኑን ከደረሰበት ወዲህ ደግሞ ብሶበታል።

ሞንብላን ለፈረንሳይም ለጣሊያንም 4,810 ተብሎ ተሰጥቷል። ሁለቱ አገሮች ስለ ጫፉ እስካሁን ስላልተስማሙ ለሁለቱም መስጠቱ ብልሃት ነው። ቁጥሩ ግን በግምት የተጠጋጋ ነው። የተራራው አናት በረዶ ስለሆነ ቁመቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ፈረንሳዮች በየሁለት ዓመቱ ይለኩታል፣ በ2023 የተገኘው 4,805.59 ሜትር ነው።

ከሁሉ የምወዳት ካርታ ፊንላንድ ናት። ከቁጥሩ ሥር በትንሹ እንዲህ የሚል ማስታወሻ አለ፦ የሃልቲ ተራራ ጫፍ ያለው ኖርዌይ ውስጥ ነው፤ 1,324 ሜትር የተባለው ድንበሩ የሚያልፍበት ተዳፋት ነው። ማስታወሻው የማይነግረው ከዚህም ይጥማል። ፊንላንድ በ2017 የነጻነቷን 100ኛ ዓመት ልታከብር ስትል፣ ኖርዌጂያኖች «ድንበሩን ትንሽ ገፋ አድርገን ጫፍ እንስጣቸው፣ ስጦታ ይሁናቸው» ብለው ዘመቻ ጀመሩ። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ኤርና ሶልበርግ ሐሳቡን ወደዱት፣ ግን አይሆንም አሉ። የኖርዌይ ሕገ መንግሥት ግዛቷ አይከፋፈልም ይላል። ጎረቤቱን ተራራ ልስጥህ ብሎ የሚነሳ ሕዝብ መኖሩ ራሱ ገርሞኛል።

አውሮፓ የት ላይ ታበቃለች የሚለውን ጥያቄ አሳታሚዎቹ በዝምታ ነው ያለፉት። ጆርጂያ ገብታለች፣ አርሜንያና አዘርባጃን ግን የሉም። ሦስቱም ከኅብረቱ የተለየው የአውሮፓ ምክር ቤት አባል ናቸው። ለምን እንደተለዩ አንድ ቃል የለም። ሩሲያም ሳይቤሪያን ጭምር ይዛ ነው የገባችው። ከኡራል ወዲህ ያለው ብቻ ቢቆጠር ወደ 4 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ይወርድ ነበር፤ ያኔም አንደኛ ናት።

አንድ ቀን ለቡና የመጡ ጋሼ ጨዋታውን አዩት። አገር ቤት ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ካርታውን አንድ በአንድ አገላብጠው «ዩጎዝላቪያ የታለች?» አሉ። እያወቁ ነው፣ ልጆቹን ሊፈትኑ። ልጆቹ ፈጠው ቀሩ። ከዚያ ረከቦቱን ገፋ አድርገው ሰባት ካርታ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ፦ ስሎቬኒያ፣ ክሮኤሺያ፣ ቦስኒያና ሄርዞጎቪና፣ ሰርቢያ፣ ሞንቴኔግሮ፣ ሰሜን መቄዶንያ፣ ኮሶቮ። «ይቺ ሁሉ አንድ አገር ነበረች። መሪዋ ቲቶ በ1955 አዲስ አበባ መጥቶ የጃንሆይ እንግዳ ሆኗል» አሏቸው። ሞንቴኔግሮ በ2006 በሕዝብ ድምፅ ከሰርቢያ ተለየች። መቄዶንያ ከግሪክ ጋር የነበራትን የስም ጭቅጭቅ ለመጨረስ በ2019 «ሰሜን» የሚለውን ጨመረች። ኮሶቮ በ2008 ነጻነቷን አወጀች፤ ከኅብረቱ አባላት ውስጥ ግን ስፔንን ጨምሮ አምስቱ አይቀበሏትም። ካርታዋ ላይ ኮከብ ምልክት አድርገው ይህንኑ በአጭሩ ጽፈውበታል፤ በዚህ አመሰግናቸዋለሁ። ትልቁ ልጄ የገባው ሌላ ነገር ነው። «ጋሼ፣ ሰባቱን አንድ ላይ ብጥል ፈረንሳይን እበላለሁ?» አለ። ደመሩለት። 256 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል። የፈረንሳይን ግማሽ እንኳ አይሞላም።

የዚህ ጨዋታ ትልቁ ድክመት ግን የመንግሥት ዓይነት የሚለው መስመር ነው። ቁጥር ስላልሆነ ማንም አያነበውም። ያነበበውም አንድ ቃል ነው የሚያገኘው፦ «ሪፐብሊክ»፣ «ንጉሣዊ»፣ አበቃ። ስዊድን ንጉሣዊ፣ ቫቲካንም ንጉሣዊ። የስዊድን ንጉሥ ሪባን ከመቁረጥ ያለፈ የፖለቲካ ሥልጣን የላቸውም፤ የቫቲካኑ ጳጳስ ደግሞ ሕግ አውጪም አስፈጻሚም ዳኛም ናቸው፣ ያውም በምርጫ የሚነግሡ። ጀርመን «ፌዴራል ሪፐብሊክ» ይላል፤ 16ቱን ክልሎች የሚያነሳ የለም፣ ፕሬዚዳንቱና መራሔ መንግሥቱ የተለያዩ ሰዎች መሆናቸውንም አይነግርም። ቤልጂየም በ2010 ተመርጦ መንግሥት ለመመሥረት 541 ቀን የፈጀባት አገር ናት፤ ካርታው ላይ ግን «ንጉሣዊ» ብቻ። ስለ ዋና ከተማም እንዲሁ ነው። ለኔዘርላንድስ አምስተርዳም ይላል፣ ልክ ነው፤ ፓርላማውና ሚኒስትሮቹ ግን ያሉት ሔግ ነው።

ስለዚህ እኛ ቤት የራሳችንን ደንብ አወጣን። ተራው የደረሰ ሰው ቁጥር ከመጥራት ይልቅ «ማን ነው የሚገዛት?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ያወቀ ካርታውን ይወስዳል፣ ያወቀ ከጠፋ የጠየቀው ይበላል። በዚህ ደንብ ጨዋታው ተገለበጠ። ሩሲያ ዋጋዋ ወረደ። አንዶራ ወርቅ ሆነች፤ ሁለት ልዑላን አሏት፣ አንዱ የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ነው፣ ሌላው ስፔን ውስጥ ያሉት የኡርጌል ጳጳስ። ፈረንሳዮች ፕሬዚዳንት ሲመርጡ ሳያስቡት ለጎረቤት አገር ልዑል ይመርጣሉ ማለት ነው። ሳን ማሪኖም እንዲሁ፤ ሁለት ርእሰ ብሔሮች በእኩል ሥልጣን፣ ለስድስት ወር ብቻ፣ በፈረንጅ ኤፕሪል 1 እና ኦክቶበር 1 ይለወጣሉ። ስዊዘርላንድን ሰባት ሰዎች በጋራ ነው የሚመሯት፣ ፕሬዚዳንትነቱም በየዓመቱ ይዞራል። ትልቁን ልጄን የስዊዘርላንድ ፕሬዚዳንት ማን ነው ብለው «የዘንድሮው ወይስ የአምናው?» አለኝ። ካርታውን ሰጠሁት።

ለመግዛት ካሰባችሁ፣ ማንበብ ለጀመረ ልጅ ይሆናል። የካርታው ወረቀት ጠንካራ ነው፣ ቡና ፈሶበት ተጠርጎ ተርፏል። ሳጥኑ ግን ቶሎ ይቀደዳል፤ እኛ በላስቲክ አስረን ነው የምናስቀምጠው። ከጀርባው የታተመበትን ዓመት እዩ። ከ2026 በፊት የታተመ ከሆነ የቡልጋሪያ ገንዘብ አሁንም ሌቭ ነው የሚለው፤ ከ2026 መባቻ ወዲህ ዩሮ ገብታለች። እኛ በእስክሪብቶ አስተካክለነዋል።