የፊደል ካርድ፦ 231 ሆሄ ይዞ «ኳስ» መጻፍ ያቃተው ሳጥን

ኳስ ለሚወድ ልጅ የፊደል ካርድ ከገዛችሁ ሳጥኑን እንደከፈታችሁ መጀመሪያ «ኳ»ን ፈልጉ። ብዙ ጊዜ የለችም። የተለመደው ስብስብ 33ቱን ፊደላት ከነሰባት እርባታቸው ይዞ 231 ካርድ ይሆናል፤ «ቨ»ን የጨመረው 238 ይደርሳል። እንደ ኳ፣ ሏ፣ ጓ ያሉት ይቀራሉ። ሌላም ጉድለት አለ፦ ከእያንዳንዱ ሆሄ አንድ ብቻ ስለሚኖር «ድብብቆሽ» ሁለተኛ ብ፣ «ዥዋዥዌ» ሁለተኛ ዥ፣ «ኩኩሉ» ሁለተኛ ኩ ያጣሉ። ልጁ ሊጽፋቸው የሚጓጓላቸው ቃላት እነዚሁ መሆናቸው ነው የሚያስቆጨው። ስለዚህ ባዶ ካርዶች የጨመረ ስብስብ ምረጡ፤ ካልተገኘ ውፍረቱ የሚመሳሰል ካርቶን ቆርጣችሁ ሃያ ያህል ባዶ አዘጋጁ።

ይህን ያህል ከተጓደለ ለምን ይገዛል? ካርድ ስለሚበወዝ ነው። ከገበታ ላይ «ለ ሉ ሊ ላ» እያለ የሚወርድ ልጅ ዜማውን ይዞ ቅርጹን ላያውቀው ይችላል። «ሎ»ን ነጥላችሁ ስታሳዩት ከ«ለ» ተነስቶ በጣቱ እየቆጠረ የሚደርስባት ከሆነ ገና አልለያትም። የተበወዘ ካርድ ያንን ምርኩዝ ይነጥቀዋል።

ሥዕል ያለባቸውን ስትመርጡ ዓይናችሁን ግለጡ። «ለ» ላይ ሎሚ የሣለ ካርድ ልጁን «ለ»ን «ሎ» ብሎ እንዲጠራ ያስተምረዋል፤ ለውዝ ቢሆን ትክክል ነበር። በግ ለ«በ»፣ ከበሮ ለ«ከ»፣ ነብር ለ«ነ» ጥሩ ናቸው። በ«ኘ» የሚጀምር የልጅ ቃል ስለማይገኝ እዚያ ላይ የተሣለውን አትመኑት። ሥዕሉና ሆሄው በአንድ ገጽ ከታተሙ ደግሞ ልጁ ሥዕሉን አይቶ «በግ!» ይላል እንጂ ሆሄውን አያይም። ሥዕሉ በጀርባ ይሁን።

ሳጥኑን በሙሉ ምንጣፍ ላይ መዘርገፍ የተለመደ ስህተት ነው። ከልጁ ጨዋታ ተነሡ። ለኳስ ወዳድ ሰባት ካርድ ይበቃል፦ ኳ፣ ስ፣ ጎ፣ ል፣ ቡ፣ ድ፣ ን። ከእነዚህ ኳስ፣ ጎል፣ ድል፣ ቡድን ይወጣሉ። ካርዶቹን በባዶ ፕላስቲክ ጠርሙሶች ላይ ለጥፉ፤ እናንተ «ጎ!» ስትሉ ልጁ ጠርሙሱን በኳስ ይመታል። ከዚያ ተራው የእሱ ነው፤ እሱ ይጥራ፣ እናንተ ምቱ፣ አንዳንዴም ሆን ብላችሁ ሌላውን ምቱ። ስህተታችሁን ሲያጋልጥ ከማንኛውም ጥያቄ የበለጠ ያነብባል። በአንድ ዙር ከሦስት በላይ አዲስ ሆሄ አታስገቡ፤ የቀሩት የሚያውቃቸው ይሁኑ። ሲሳሳት ትክክለኛውን ድምፅ ብቻ ተናግራችሁ ቀጥሉ። ጨዋታውን አስቁሞ «ይሄ ማነው? እሺ ይሄስ?» ማለት ፈተና ያደርገዋል፤ በማግስቱ ሳጥኑን ሲያይ ይሸሻል። አሥር ደቂቃ ይበቃል፣ ገና «እንድገም» እያለ አቁሙ።

ድብብቆሽ ለሚወድ የሚደበቁት ካርዶቹ ናቸው፤ አምስት ይበቃል፣ ያገኘውን ሲጠራ የእሱ ይሆናል። ሰኞ ማክሰኞ ላይ በየሳጥኑ ሆሄ በጠመኔ ጻፉ፤ ጠጠሩ ያረፈበትን ጠርቶ ይዘላል።

ተዘቅዝቀው ጥንድ የሚፈለግባቸው ካርዶች በስድስት ጥንድ ይጀምሩ፤ የየሆሄውን ሁለተኛ በባዶ ካርድ ላይ ጻፉ። እዚህ ሁለት ነገር ያበላሻል። አንደኛ፣ ሰ እና ሸ፣ ደ እና ጀ፣ ጠ እና ጨ በአንድ ዙር ከገቡ ቅርጻቸው ያምታታል፤ ለየብቻ ካወቃቸው በኋላ አገናኟቸው። ሁለተኛ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ድምፅ ስለሆኑ ልጁ ቢያጣምራቸው አልተሳሳተም። ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ፣ ፀ ለጊዜው ከሳጥኑ ይውጡ።

ስለ ጥራቱ፦ ስስ ወረቀት ከጀርባ ሆሄውን ስለሚያሳይ የጥንድ ጨዋታውን ያከሽፈዋል። ተቆርጠው የወጡ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ሆሄያት ያምራሉ፣ ግን አንመክራቸውም። የ«ቡ» ቅጥያ ከተሰበረ «በ» ሆና ትቀራለች፤ ሲገለበጡም ቅጥያው በግራ ይውላል፣ ልጁም እንደዚያው ይጽፋል። ማግኔት ያላቸው ከሆኑ ማግኔቱ የሚወልቅ ከሆነ ለትንንሽ ልጆች አይሰጥም፤ ከአንድ በላይ ከተዋጠ አንጀት ውስጥ ተሳስቦ ከባድ ጉዳት ያደርሳል።

ሦስት ሆሄ ያለውን ቃል ሳይቆራርጥ ማንበብ ሲጀምር ካርዱ ሥራውን ጨርሷል። ያኔ የተደበቀውን ዕቃ የሚጠቁም አጭር ጽሑፍ ስጡት፦ «ኳሱ ከወንበሩ ሥር ነው»። ማጥበቅና ማላላት በጽሑፍ ስለማይታይ «ዋና»ን ስትጽፉለት የውኃውን ዋና ከ«ዋናው በር» የሚለየው በዓረፍተ ነገሩ ብቻ ነው፤ ነጠላ ቃል አትስጡት።